በሕይወት ያለን ሰው መስሎ ስለ መጫወት

ከብዙ ዘመን በፊት ያለፈውን ንጉሥ ወይም ጀግና መስሎ የሚጫወት ተዋናይ ከታሪክ ዐዋቂዎች በቀር የሚቈጣጠረው የለም። በሕይወት ያለውን ሰው መስሎ የሚጫወት ግን ሥራው እጅግ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ራሱ ከተመልካቾች መካከል ተቀምጦ ሊፈርድበት ይችላልና። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ የሕያው ሰው ስም ደግሞ ተዋናዩ ለጊዜው የሚረከበው አደራ ነው።

ለዚህ ነገር እንግሊዛዊው ተዋናይ ኤዲ ሬድሜይን መልካም ምሳሌ ይሆነናል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2014 ዓመት በወጣው «ዘ ቲዎሪ ኦቭ ኤቭሪቲንግ» በተባለው ፊልም የፊዚክስ ሊቁን ስቲቨን ሆኪንግን ሆኖ ተጫወተ። ሆኪንግ በ1963 ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች እያደከመ የሚሄድ በሽታ እንደ ያዘው ተነገረው። በ1985 ድምፁን ካጣ በኋላም በኮምፒዩተር አማካይነት ይናገር ጀመር።

ሬድሜይን በመጀመሪያ የሄደው ወደ ሕሙማን ነው። በሎንዶን ይህ በሽታ ከሚታከምበት ስፍራ እየተመላለሰ፥ እጅ እንዴት እንደሚዝል፥ እግርም እንዴት እንደሚከብድ ተመለከተ፤ አንዳንዶቹ ሕሙማንም በቤታቸው ተቀበሉት። ቀጥሎም ከእንቅስቃሴ አስተማሪ ጋር ሆኖ ሰውነቱን አለማመደ። ፊልም እንደ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ አይነሣምና፥ በአንድ ቀን ውስጥ ጤነኛውን ወጣትም በወንበር የተቀመጠውን ሕመምተኛም መሆን ነበረበት። ስለዚህ የትኛው የሰውነት ክፍል በየትኛው ጊዜ እንደ ደከመ በሠንጠረዥ ጻፈ።

ከሆኪንግ ጋር የተገናኘው ግን ፊልሙ መነሣት ሊጀምር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ወራት ሙሉ በሽታውን ሲያጠና ቈይቶ፥ በፊቱ ያገኘው ቀልድ ዐዋቂና መንፈሰ ብርቱ ሰው ነው። ይህም ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ሆነው። የሰውን አካሄድና አነጋገር መቅዳትማ ሕፃናት እንኳ ይችሉታል፤ ብዙ ጊዜም መዘባበቻ ይሆናል። የሰውየውን ጠባይና ክብር ማሳየት ግን ትዕግሥትንና ፍቅርን ይጠይቃል።

ሆኪንግ ፊልሙን ካየ በኋላ፥ እርሱ ራሱ የሚናገርበት የኮምፒዩተር ድምፅ በፊልሙ ውስጥ እንዲገባ ፈቀደ። ሬድሜይን በ2015 የኦስካርን ሽልማት ተቀበለ፤ በእኛ አስተያየት ግን የሚበልጠው ሽልማት ያ ፈቃድ ነው። ሆኪንግ በ2018 በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ ትምህርት ለተዋንያን ብቻ አይደለም። ስለ ሌላ ሰው የምንጽፍና የምንመሰክር፥ በቢሮም ስለ ባልንጀራችን ጠባይ የምንጠየቅ ሁላችን፥ ባለቤቱ ከፊታችን ተቀምጦ እንደሚሰማን አድርገን እንናገር። ያን ጊዜ ቃላችን ይታረማል፤ የተረከብነውንም አደራ ሳናጐድል ለባለቤቱ እንመልሳለን።