የውርጩ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ስሜን ምን ይቀረዋል?

በአልፕስ ተራሮች «ፐርማፍሮስት እየቀለጠ ነው» የሚል ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ፐርማፍሮስት ማለት ቢያንስ 2 ዓመት ሙሉ ከ0 ዲግሪ ሳያልፍ በርዶ የሚቆይ መሬት ነው። በውስጡ ያለው በረዶ አለቱንና አፈሩን አጣብቆ ይይዛል፤ ሲቀልጥ ገደሉ ይናዳል።

እኛ ጋስ? ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እስቲ ቀላል ሞዴል እንስራ፤ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

ጎንደር አራዳ በግምት 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽቅብ ስንወጣ አየሩ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከአራዳ እስከ ራስ ደጀን ጫፍ 2,300 ሜትር ገደማ ስላለ 14 ዲግሪ ይቀነሳል። ጫፉ ላይ 6 ዲግሪ ቀረ ማለት ነው። ሌሊት መሬቱ ቢበርድም ቀን ፀሐይ ትፈታዋለች። ስለዚህ ፐርማፍሮስት የለንም።

ከ20,000 ዓመት በፊት ግን ታሪኩ ሌላ ነበር። ያኔ ከዛሬው በብዙ ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ የስሜን ጫፎች የበረዶ ግግር ነበራቸው፤ ግግሩ ገፍቶ የከመረው ድንጋይ አሁንም ይታያል።

ታዲያ ምን አገባን? እኛ ጋ የሚንቀሳቀሰው የውርጩ መስመር ነው። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። ይሄም ሞዴል ነው፤ ከፍታውን አይቶ የሚበቅለውን ይነግርሃል። በዚያው ስሌታችን 1 ዲግሪ ሙቀት ቢጨምር መስመሩ 170 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል።

ለጃናሞራና ለበየዳ ገበሬ ይሄ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ገብስ ከፍ ብሎም ይበቅላልና። ችግሩ ተራራ ወደ ላይ እየጠበበ መሄዱ ነው። እርሻው በወጣ ቁጥር ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮውና ጅብራው ይገፋሉ፤ ከጫፉ በላይ ደግሞ መሬት የለም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ፍላጎቱ ይጨምራል፣ አቅርቦቱ ግን አንዲት ሜትር አይጨምርም።

ዋጋውን ደግሞ እናውቀዋለን። የስሜን ፓርክ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባው በአንድ በኩል በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት ነው። ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጀ። የደባርቅ አስጎብኚ፣ በቅሎ ጫኝና ሆቴል የሚኖሩት በዚያ ስም ነው።

የእኔ ስሌት ደግሞ ሻካራ ነው። የከተማ ሙቀት የገደል ጥላን፣ ደመናንና ንፋስን አይነግረንም። ባሌ ሳነቲ ላይ ተመራማሪዎች መለኪያ አፈር ውስጥ ቀብረው የመሬቱን ሙቀት በየሰዓቱ መዝግበዋል። ለስሜንም ከታች እስከ ጫፍ እንዲህ ያለ ተከታታይ ልኬት ያስፈልጋል፤ የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው። የት እንደሚታረስ፣ የት እንደሚከለል ሲወሰን ገበሬው ፊት የሚቀርበው ቁጥር ከራሱ ተራራ የተለካ መሆን አለበት።