ቤተ ልሔምን ማን «አገኛት»?

እ.ኤ.አ. በ1955 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገና የተመረቀ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ጋይንት ገብቶ ቤተ ልሔም ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲያዩት እንደ ብዙዎቹ የገጠር አድባራት ክብ የሣር ክዳን ያለው ነው፤ ክዳኑ የሸፈነው ግን አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ነበር። ወጣቱ ይህን ልብ አለ፣ ጉዞውንም እ.ኤ.አ. በ1959 በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በውጭ ጽሑፎች ዘንድ ቤተ ክርስቲያኑን «ያገኘው» እሱ ሆነ።

«አገኘው»! ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ በእግሩ እየመጣ፣ ግቢው ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ድጓ ሲያስመሰክር የኖረው ሁሉ ታዲያ የት ነበር? ድጓን የትም ይማሩት የት፣ ምስክሩ ቤተ ልሔም ነው። ቆማም አጫብርም የየራሳቸው የዜማ ስልት አላቸው፤ በስፋት የሚዜመው ግን የቤተ ልሔሙ ነው። አገር ሁሉ አድራሻውን የሚያውቀው ቦታ እንዴት ይገኛል?

በተጓዡ ላይ መፍረድ አያስፈልግም። ያየውን ጻፈ፣ ሌላው አልጻፈም። ጣጣው ያለው ግሱ ላይ ነው፤ ያ ግስ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ክፍል ውስጥ ያስተምራል።

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው ሶሻል አንትሮፖሎጂን እንደ የጋራ ኮርስ ይማራል። ኮርሱ መኖሩ መልካም ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ «የእኛ ወግ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፣ ሌላውም ሰው የራሱ ወግ አለው» የሚለውን ቁም ነገር በዚያ ዕድሜው ቢሰማ አገር ይጠቀማል፤ በተለይ ይህች አገር። ነገር ግን የሚሰጠው እንዴት ነው? ባህል ማለት ምን ማለት ነው፣ ባህርያቱን ዘርዝር፣ ኢትኖሴንትሪዝምን ተርጉም። ከዚያ ምርጫ ጥያቄ። ፈተናው ሲያልቅ ሃንድአውቱ የሻይ ቤት መጠቅለያ ይሆናል።

አንድ የስማዳ ልጅ እዚያ ክፍል ተቀምጧል እንበል። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1918 ባለው ጊዜ በትሮብሪያንድ ደሴቶች ድንኳን ተክሎ ከሰዎቹ ጋር እየኖረ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ፣ «አሳታፊ ምልከታ» የሚባለውን የጥናት ዘዴ እንዳቆመ ይነገረዋል። ልጁ በደብተሩ ይጽፋል። አጎቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከሰው አገር ሰው ደጅ እየቆመ ዓመታት መኖሩ ግን ከዚህ ጋር የሚገናኝ ነገር አይመስለውም። ማንም አልነገረውማ! አጎቱ በኮርሱ ውስጥ ቦታ ቢኖረው፣ ቦታው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ «ሀገር በቀል እውቀት» የሚለው ሥር ነው። ማለትም እንደ ጥናት ዕቃ።

እዚህ ላይ አንድ ወገን ተነስቶ ያጨበጭባል፤ «ድሮውንም አንትሮፖሎጂ የፈረንጅ ስለላ ነው» ይላል። ለዚህ አባባል መነሻ የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ሰንብቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ፣ በቦታው ቅጂ ለጥፎ ወደ ፓሪስ ወስዷል። ሥዕሎቹ ዛሬም እዚያው ሙዚየም ናቸው። ቢሆንም የሌባን ነውር ይዞ ጥያቄን መከልከል ሌላ ጉዳት ነው። ሥዕሉን የወሰደው መላጫው እንጂ ጥያቄው አይደለም።

ደግሞስ ራስን መጠየቅ ለዚህ አገር መቼ ባዕድ ሆነ? የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ ሲጽፍ የገዳን ሥርዓት በየትውልዱ ዘርዝሯል። የተጎዳ ሰው ጽሑፍ ነው፣ ጥላቻው አይደበቅም፤ በዚህ ዓይን ካልተነበበም ያሳስታል። ሆኖም አስመሮም ለገሰ ስለ ገዳ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት እንደ ምንጭ ተጠቅሞበታል። አባ ባሕርይ ከዚያ ዞሮ ያደረገው ግን ይበልጣል፦ «ለምን አሸነፉን?» ብሎ ጠየቀና የራሱን ኅብረተሰብ በአሥር ወገን ከፈለው። መነኩሴው፣ ደብተራው፣ ዳኛው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባለ እጁ፣ አዝማሪው እያለ ቆጥሮ የሚዋጋው አሥረኛው ብቻ ነው አለ። የራሱን ወገን፣ መነኮሳቱን፣ ከማይዋጉት መጀመሪያ አስቀመጠ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት!

ሁለተኛው ወገን ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ወዳጅ ይመስላል። ይህ አወዳሹ ነው። ቅዱስ ያሬድን ያነሳል፣ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ይላል፣ ምልክቶቹን ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት እያለ ይቆጥራል፣ «ዓለም ይወቅልን» ብሎ ይጨርሳል። ውዳሴ ካለማጥናት መንገዶች አንዱ ነው። ያወደሱትን ነገር ማንም አይጠይቀውም።

ጥያቄው ግን ሞልቷል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚራቡ፣ የሴፍቲኔት እርዳታ የሚደርሳቸው ወረዳዎች ናቸው። ይህ አገር ነው በየዘመኑ ከሩቅ የመጣን የቆሎ ተማሪ ሲመግብ የኖረው። በምን ስሌት? ለራሱ ልጆች የሚሰፈርለት ቤት በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ቁራሹ የሚወጣው ከማን ድርሻ ነው? ከአባት? ከሕፃኑ? ወይስ ከምትጋግረዋ? ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ (የግሪዮል መምህር ነው) እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ሲጽፍ በነፃ የሚሰጥ ነገር የለም፣ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ሦስቱም ግዴታ ናቸው አለ። የፓስፊክ ደሴቶችንና የሰሜን አሜሪካን ሕዝቦች ምሳሌ አደረገ። የቆሎ ተማሪን ቢያውቅ ኖሮ ያወሳስበው ነበር። ተማሪው የተቀበለውን አይመልስም፤ በማግስቱ ሌላ ደጅ ይቆማል። ባለ ዕዳው እሱ ሳይሆን በስሟ የተለመነችው ናት። ሰጪዋም ከእርሷ ትጠብቃለች። ይህ በሦስት ወገን መካከል የሚዞር ስጦታ ለአንድ ሙሉ ጥናት ይበቃል፤ ለመስክ የሚያስፈልገውም ከደብረ ታቦር የአውቶቡስ ትኬት ነው።

ሌላም አለ። ተማሪውን ያበላችው ሴት ልጇን እዚያው ጉባኤ ማስገባት ትችላለች? በጎጃም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የቅኔ መምህርት ወጥተዋል፤ ስማቸው እስከ ዛሬ በተአምር መልክ መነሳቱ ራሱ መልሱን ይናገራል። ጸናጽሉን ያበጀው ብረት ቀጥቃጭስ? በሙያው ሲያገለግል ኖሮ በመንደሩ «ቡዳ» ተብሎ ጋብቻ የተነፈገው ስንቱ ነው? የኮርሱ መጽሐፍ በአንድ ምዕራፍ ሀገር በቀል እውቀትን፣ በሌላ ምዕራፍ በሙያቸው የተገለሉ ወገኖችን ያስተምራል። ሁለቱ ምዕራፎች በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ እንደሚኖሩ ግን አያሳይም። አወዳሹም ይህን መስማት አይፈልግም፣ ቱሪስት የሚያባርር ይመስለዋል።

እርግጥ የስማዳው ልጅ አጎት አንትሮፖሎጂስት አልነበረም። ሰውን በየደጁ ያውቃል፤ ማን እንደሚሰጥ፣ ማን ውሻውን እንደሚለቅ፣ የትኛው ቤት ሐዘን እንደገባ። አልጠየቀም ግን፣ አልጻፈምም። ዓላማው ድጓው ነው። እውቀቱን ከውስጡ አውጥቶ በወረቀት የሚያኖረው ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ መጠይቅ በትኖ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚያስሞላ ሊሆን አይችልም። የድጓ መምህርን «በጣም እስማማለሁ» ማስባል ነውር ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ያሳየ አለ። መንግሥቱ ለማ፣ ማሊኖቭስኪ ሲያስተምርበት በነበረው የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተምሮ ሲመለስ ትሮብሪያንድን አልፈለገም። አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን አስቀምጦ ጠየቃቸው፣ ድምፃቸውን በቴፕ ቀረጸ፣ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳተመው። የአብነት ትምህርት ቤት ኑሮ፣ የመምህራኑ ጠባይ፣ ረኃቡ፣ ቀልዱ፣ ቂሙ ሳይቀር አለበት። ተናጋሪው «መረጃ ሰጪ ቁጥር 7» አይባሉም፤ ስማቸው በሽፋኑ ላይ ነው። ልጅ ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ የጻፈው ስለሆነ ውዳሴ ብቻ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ መጽሐፉን ከፍቶ ይየው።

ይህ መጽሐፍ በአማርኛ ነው፣ ውድ አይደለም፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪም አይከብድም። በስንት ዩኒቨርሲቲ የኮርሱ ንባብ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ መምህራኑ ራሳቸው ይመልሱ።