ዋሱ ከሩቅ ሲሆን

በራያ ቆላም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ በከብት ገበያ ላይ ሻጩ የማይታወቅ ሰው እንደሆነ ገዢው ዋስ መጠየቁ የቆየ ልማድ ነው። ገዢው ሻጩን አያውቀውም፤ ዋሱን ግን ያውቀዋል። ስለዚህ በማያውቀው ሰው ላይ የሚጥለው እምነት በሚያውቀው ሰው በኩል የሚመጣ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙት ሰርቨሮች ሰው የሚያስገቡበት ዘዴም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በቆቦ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨር አለ እንበል። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስምና የይለፍ ቃል በዚሁ ሰርቨር ላይ ለብቻው የተመዘገበ ከሆነ፣ ሠራተኛው ወደ ወልዲያ ወይም ወደ ደሴ በተዛወረ ጊዜ ስሙን የሚሰርዝ ሰው ያስፈልጋል። የሚሰርዘው ሰው ደግሞ ይረሳል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ጸሐፊም ዛሬ በሩ ክፍት ሆኖለት ይገኛል። ይህ እንዳይሆን የሠራተኞች ስም ሁሉ በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ይሰፍርና፣ ሰርቨሩ የመጣውን ሰው ማንነት ከመዝገቡ እየጠየቀ እንዲያስገባ ይደረጋል። መዝገቡን ባለሙያዎች ዳይሬክተሪ፣ መዝገቡ የሚያስተዳድረውን ክልል ደግሞ ዶሜን ይሉታል። በጣም የተስፋፋው የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር የወጣ ነው። ሊኑክስ የሌላ ቤት ልጅ በመሆኑ፣ ሳምባና ኤስኤስኤስዲ የተባሉት ፕሮግራሞች በመካከል ቆመው ያስተረጉሙለታል።

ይኸው ሐሳብ በአገር ደረጃ ሲታይ የፋይዳን ሥራ ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ይህ ዲጂታል መታወቂያ፣ ባንኩ የማያውቀውን ደንበኛ መዝገቡ እንዲመሰክርለት የሚያደርግ ነው። ነገር ግን ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ይመሰክራል እንጂ ብድር ይገባዋል ብሎ አይፈርድም። በሰርቨሩም ዘንድ መታወቅ ሌላ፣ መፈቀድ ሌላ ነው።

ብዙ ወጣት ባለሙያዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለናል። ሰርቨሩን ከዶሜኑ ጋር ያገናኙና ሥራው አለቀ ብለው ይሄዳሉ። ለይቶ የሚከለክል ትእዛዝ ካልተጻፈ ግን፣ በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው ሁሉ፣ የግብርናው ባለሙያም የጤናውም፣ ወደዚያ ሰርቨር ሊገባ ይችላል። የዞኑ ዶሜን ሌላ ዶሜንን የሚያምን እንደሆነ ደግሞ፣ የዚያኛው ሰዎች ጭምር በዚሁ በር የሚመጡበት ጊዜ አለ። የገንዘብ መዝገብ ባለበት ሰርቨር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፈቀድ ያለባቸውን ሰዎች በአንድ ቡድን መድቦ፣ ከዚያ ቡድን ውጭ ማንም እንዳይገባ ማዘዝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሌላው ጉዳይ የመስመር ነው። ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ለማገናኘት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳኔት የተባለው መረብ ተዘርግቷል። ቆቦ ግን መስመር መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቃ የምታውቅ ከተማ ናት። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ደርሶባት እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆይቷል፤ በነሐሴ 2014 እንደገና ተመልሶ እስከ 2015 መጀመሪያ ዘልቋል። በእነዚያ ጊዜያት መብራትም ስልክም አልነበረም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቷል። እንግዲህ ዋሱ ሩቅ አገር ሆኖ መንገዱ ቢዘጋ፣ ሰርቨሩ የገዛ ሠራተኞቹን አላውቃችሁም ማለቱ አይቀርም።

ለዚህ መድኃኒቱ ኤስኤስኤስዲ ቀድሞ ገብተው የሚያውቁትን ሰዎች የይለፍ ቃል በማይነበብ መልክ ለውጦ እንዲያስቀምጥና መስመር በሌለ ጊዜ በዚያ እንዲመሰክር ማድረግ ነው። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። መስመሩ ተቋርጦ ሳለ በማዕከል የተሰረዘው ሠራተኛ በቆቦ ሰርቨር ላይ ገና አልተሰረዘም፤ ሰርቨሩ የተዘረፈ እንደሆነም ያስቀመጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስንት ቀን እንዲያገለግል መወሰን ያስፈልጋል። ቀኑ ካልተወሰነ መጨረሻ የለውም። እኛ ብንጠየቅ ከሁለት ሳምንት አናሳልፈውም፤ ይሁን እንጂ የወረዳ ሥራ የሚያውቅ ሰው አንድ ወር ቢል አንከራከረውም።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር እንጨምር። ዶሜኑ ማንነትን የሚያረጋግጥበት ከርቤሮስ የተባለው ሥርዓት፣ ስሙን በግሪኮች ተረት ካለው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የወሰደ፣ በአሜሪካ በኤምአይቲ የተሠራ ነው። ለሠራተኛው ጊዜው የተወሰነ ቲኬት ይሰጠዋል። ታዲያ የሁለቱ ወገን ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ቲኬቱ ዋጋ የለውም። መብራት በሚመላለስበት ከተማ የአንድ አሮጌ ሰርቨር የሰዓት ባትሪ ሲሞት፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ይባረራል፤ ባለሙያውም ጥፋቱን ከሠራተኛው ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም፣ ከዶሜኑ ጋር የማይገናኝ፣ በሰርቨሩ ላይ ብቻ የተመዘገበ አንድ የመግቢያ ስም ለክፉ ቀን መቅረት አለበት። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በኃላፊው ፊርማ ይቀመጣል። ፖስታው ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል ከተቆለፈበት ግን፣ ሰርቨሩን የወሰደ ሰው ፖስታውንም ይወስደዋል።