ከፎቅ ላይ የተደበቀው ሰው

ማኅበራችን ወደ አልዌሮ ግድብ ባደረገው ጉዞ ማታ ዓሣው ተበልቶ ካበቃ በኋላ ከጓደኞቻችን አንዱ በላፕቶፑ ጭኖ ያመጣቸውን ሁለት የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ታሪኮች ከውሃው ዳር ተቀምጠን አየን። ያየነው ለመዝናናት ነበር፤ ዳሩ ግን ያስነሣው ክርክር ወደ ግቢያችን ከተመለስንም በኋላ አልበረደም። አሁን ደግሞ የቴአትር ክበባችን ለመጪው ሴሚስተር በሚያዘጋጀው ድራማ ከሁለቱ የአንደኛውን አካሄድ ሊከተል አስቧል የሚል ወሬ ስለ ደረሰን፣ ሳይጻፍ ሳይጠና በፊት አሳባችንን በዚህ ገጽ ላይ ማቅረብ ግዴታችን መስሎ ታይቶናል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ታሪኩ የፈረንጅ ነውና።

ተከታታዩ ፊልም «ዶክተር ሁ» ይባላል። ቢ.ቢ.ሲ. ኅዳር 23 ቀን 1963 ጀመረው። ዋናው ሰው ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ሰማያዊ የፖሊስ የስልክ ሣጥን፣ ከውስጥ ግን አዳራሽ በሆነ መኪና ተሳፍሮ ወደፊትም ወደ ኋላም በዘመን ውስጥ ይመላለሳል። መሥራቾቹ ያሰቡት አንድ ጊዜ የሳይንስ፣ አንድ ጊዜ የታሪክ ትምህርት እያፈራረቁ ለልጆች ሊሰጡበት ነበር። ስለዚህም ነው የመንገደኛው የመጀመሪያ ጓደኞች አንድ የሳይንስና አንዲት የታሪክ መምህር የሆኑት። (መምህሮቻችን ይህን ሲያነቡ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።) ነገር ግን ሕዝቡ ከታሪኩ ይልቅ ጭራቁን ወደደ። ከ1967 መጀመሪያ በኋላ ጭራቅ የሌለበት የታሪክ ድራማ ከፊልሙ ውስጥ ጠፋ፤ አሥራ አምስት ዓመትም አልተመለሰም።

ይህ ፊልም ለአገራችን ፈጽሞ ባዕድ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ከገዙት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ትገኛለች። ቢ.ቢ.ሲ. የራሱን ቅጂዎች አጥፍቶ ስለ ነበረ ወዳጆቹ የጠፉትን ክፍሎች ሲፈልጉ ዓለምን ያስሱ ነበር፤ በ2013 በጥቅምት ወር አንድ የለንደን ጋዜጣ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኙ ብሎ አወጣ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ እውነቱ ታወቀ፤ የተገኙት ዘጠኝ ክፍሎች ብቻ ነበሩ፣ ቦታውም ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ነበረ። የእነሱን ዕቃ እኛ ዘንድ መፈለግ ከጀመሩ የእኛን ዕቃ እነሱ ዘንድ የምንፈልግ ሰዎች ነገሩ ፈገግ ቢያሰኘን አይፈረድብንም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ያየነው የመጀመሪያው ታሪክ «ጥቁሩ ኦርኪድ» ይባላል፤ በ1982 መጋቢት መጀመሪያ በሁለት ተከታታይ ምሽቶች የታየ ነው። ዘመኑ 1925፣ ቦታው የእንግሊዝ ባላገር ውስጥ ያለ የአንድ ባላባት ቤት። መንገደኛው ባላሰበው ሁኔታ ክሪኬት ሊጫወት ይገባል፤ ማታ ጭምብል የሚለበስበት ግብዣ ይደረጋል፤ ሰዎች ይገደላሉ። ከመንገደኞቹና ከመኪናቸው በቀር ከሌላ ዓለም የመጣ አንድም ነገር የለም። ገዳዩ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሆኖ ይገኛል፤ የእመቤቲቱ የበኵር ልጅ ጆርጅ ነው። ይህ ሰው ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዶ በዚያ ያለ ሕዝብ እንደ ቅዱስ የሚያየውን ጥቁር አበባ ሰርቆ ሲመጣ ተይዞ፣ መልኩ ተበላሽቶ ምላሱም ተቆርጦ አእምሮውን ስቷል። እናቱ ሞተ ብላ አስወርታ ከፎቅ ላይ በሥውር ክፍል ውስጥ ቆልፋ አኑራዋለች። ጠባቂው ላቶኒ የሚባል፣ ከዚያው አገር የመጣ፣ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሲደርስ ነው ከመካከላችን አንዱ ላፕቶፑን ያስቆመው። «ይህን ሰው እናውቀዋለን» አለ። ከንፈር ላይ ገል ማድረግ በእኛው አገር የሱርማና የሙርሲ ሴቶች ልማድ ስለ ሆነ የፈረንጅ ፎቶግራፍ አንሺ እሱን ሊያነሣ ስንት መንገድ እንደሚያቋርጥ ሁላችን እናውቃለን። በፊልሙ ውስጥ ገሉ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ሲያየው እንዲደነግጥና «ገዳዩ ይህ ነው» ብሎ እንዲጠረጥር። ላቶኒ ግን ንጹሕ ነው፤ እንዲያውም በዚያ ቤት ውስጥ ግዴታውን በትክክል የሚፈጽም እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በመጨረሻም ይሞታል። ሁለት ሎሌዎችም ታንቀው ሞተዋል። መንገደኞቹ እስከ ቀብር ይቆያሉ፤ የሚቆዩት ለጆርጅ ቀብር ነው። ስለ ሎሌዎቹ ቀብር የሚያነሣ የለም፤ ስለ ላቶኒማ ጭራሽ። የሎሌዋን አስከሬን አይታ ዝም በሉ ያለችው፣ ንጹሕ ሰው በግድያ ሲያዝ አፏን የያዘችው እመቤት በሕግ ስትጠየቅም አላየንም።

እንደ ወንጀል ታሪክ ከተመዘነ ደግሞ ሥራው ደካማ ነው። የወንጀል ታሪክ ሕጉ የታወቀ ነው፦ በሩ ይዘጋል፣ ከውጭ ማንም አይገባም፣ አንባቢው ፍንጩን ከመርማሪው ጋር እኩል ያያል፣ በመጨረሻም በማስረጃ ይፈረዳል። እኛ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በደጋው አገር የነበረው አውጫጭኝ ምን ነበር? ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ይውላል፤ ሳይናገር ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። አጋታ ክሪስቲ ሳትወለድ አባቶቻችን በዚህ ፈርደውበታል፣ ተፈርዶባቸውማል። «ጥቁሩ ኦርኪድ» ግን በሩን ከዘጋ በኋላ ማስረጃውን ይረሳዋል። መንገደኛው በግድያ ተጠርጥሮ ሲያዝ ተሟግቶ አይረታም፤ ፖሊሶቹን ወደ ተአምረኛው መኪናው ውስጥ አስገብቶ ያሳያቸዋል፣ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ያምኑታል። ይህ ከሌባሻይ በምን ይለያል? ያም ቢሆን ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር፤ ማስረጃ ጠያቂ አልነበረም። በዘመን ውስጥ የሚመላለስ መኪና ያለው ሰው ወንጀል መመርመር የለበትም ብለን እንከራከራለን፤ ትናንት ማታ ተመልሶ ገዳዩን በዓይኑ ማየት ሲችል ለምን ይመራመራል? ደራሲው እጁን ማሰር አለበት፤ እጁን ካሰረው ደግሞ መኪናው ለምን መጣ?

ሁለተኛው ታሪክ በግንቦት 2008 የታየ ነው፤ «ባለ አንድ ቀንዱና ተርቡ» ብንለው ያስኬዳል። ይህኛው ዘመኑ 1926 ሲሆን ራሷ አጋታ ክሪስቲ ተጋብዛ ትመጣለች። ደራሲዋ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 3 ቀን ከቤቷ ወጥታ ጠፍታ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ተጥላ ተገኝታ፣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሃሮጌት ከተማ ውስጥ ሆቴል መገኘቷ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የት ነበረች የሚለውን ፊልሙ በራሱ መንገድ ይመልሰዋል። ሥራው ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ መሆኑንም አይደብቅም። ፍንጮቹ በቦታቸው ተቀምጠዋል፤ የምትመረምረው ደራሲዋ ናት፤ ተመልካቹም ያስባል። እንደ ወንጀል ታሪክ ከመጀመሪያው በብዙ ይሻላል፤ ይህን ስንል ግማሾቻችን ቅር እየተሰኘን ነው።

ምክንያቱም ገዳዩ ማን ሆነ? አንድ ግዙፍ ተርብ! እመቤቲቱ በ1885 ሕንድ አገር፣ ደልሂ ሳለች ከሌላ ኮከብ ከመጣ ፍጡር በሥውር የወለደችው ልጅ ነው። ሕንድ አገር በፊልሙ ውስጥ ሌላ ሥራ የላትም፤ የእመቤቲቱ ምሥጢር የተፀነሰባት ቦታ ናት፣ አለቀ። በመጀመሪያው ታሪክ የቤቱ ምሥጢር ስርቆት ነበር፤ የሰው አገር ቅዱስ ነገር ሰርቆ የመጣ የገዛ ልጃቸው። በሁለተኛው ምሥጢሩ ከሰማይ ወረደ፤ ከሰማይ ለወረደ ነገር ደግሞ ተጠያቂ የለውም። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ እናገኘዋለን፦ ጭራቅ ያልነበረው ታሪክ ምርመራውን አበላሽቶ እውነቱን ሳያስበው ተናገረ፤ ጭራቅ ያለው ምርመራውን አሳምሮ እውነቱን ቀበረ።

እውነት ስንል የምናወራው ስለ አማዞን ብቻ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ በብዙ ዝሆንና በቅሎ ተጭኖ የወረደው ዕቃ ሁሉ ቤተ መዘክር አልገባም፤ ከፊሉ በመኰንኖች ቤት ቀርቶ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በ2021 ዶርሴት በሚባለው የእንግሊዝ ገጠር ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች በጨረታ ሊሸጡ ሲሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃውሞ አስቀረ፤ በዚያው ዓመት ዕቃዎቹ ለንደን ለሚገኘው ኤምባሲያችን ተሰጡ። ከነዚያ ባላባት ቤቶች በስንቱ ፎቅ ላይ ምን እንደ ተቆለፈ እኛ የምንጠይቀው ለፊልም ድርሰት አይደለም።

አሁን ወደ ክበባችን። የሰማነው አሳብ ታሪኩ በእንግሊዝ አገር እንዳለ ተወስዶ፣ ስሞቹ ተለውጠው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባለ ርስት ቪላ እንዲሆን፤ ላቶኒን ደግሞ «የጋምቤላ ሰው» እንዲጫወተው ነው። ወንድሞቻችን በክፉ እንዳላሰቡት እናምናለን። ነገር ግን እንጠይቃለን፤ ለምን ላቶኒን? ለምን ጆርጅን አይጫወትም? ለምን መርማሪውን? በዚህ ግቢ አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖው፣ ኮሞውና ከደጋ የመጣው በአንድ ጠረጴዛ ይማራል፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን አንዱ በሩ ሥር ቆሞ ተመልካች እንዲያስደነግጥ ይመደባል? እንግሊዞች በ1982 ሳያስቡ ያደረጉትን እኛ አስበን ልናደርገው ነው ማለት ነው።

ደግሞስ ምን ቸገረን? የባላባት ቤት የሚያስፈልገን ከሆነ እዚሁ ባሮ ዳር ነበረን። አፄ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ ኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተከራየ፤ ለጦርና ለፖለቲካ ሥራ እንዳይውልም ተጻፈ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ብቻ መጥተው ቡና ጭነው ይመለሳሉ፤ ውሃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። በ1925፣ ማለት በፊልሙ ውስጥ ክሪኬት በሚጫወቱበት በዚያው ዓመት፣ የሱዳን መንግሥት እንግሊዛዊ ሹም እዚህ ነበረ፤ የውጭ አገር ነጋዴ እዚህ ነበረ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ሹም ከአጥሩ ማዶ ነበረ፤ ቡናውን የሚሸከሙትም ነበሩ። ጣሊያን በ1936 ወሰደው፣ በ1941 ተመለሰ፣ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ውሉ አበቃ።

እስቲ ይታሰብ። የመጨረሻዋ መርከብ ሄዳለች፤ ሌላ የምትመጣው ከወራት በኋላ ነው። ከ400 ሄክታሩ ወሰን ላይ፣ ግማሽ አካሉ ወዲህ ግማሽ አካሉ ወዲያ ሆኖ አንድ አስከሬን ተገኘ። ማን ይመረምር? እንግሊዙ ሹም በራሱ ሕግ ልመርምር ይላል፤ የእኛው ሹም ሰውን ሁሉ ሰብስቦ አውጫጭኝ ይላል፤ የአኙዋክ ሽማግሌዎች ደግሞ ሁለቱም ሳይመጡ በፊት የነበረ የራሳቸው ዳኝነት አላቸው። የሞተው ማን እንደ ሆነ ከሁሉ በፊት የሚያውቁት ተሸካሚዎቹ ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም። ለዚህ ጭራቅም የዘመን መኪናም አያስፈልግም። የግድ የሳይንስ ልብ ወለድ ይሁን የሚሉ ጓደኞቻችን ካሉ መኪናቸውን ያምጡት፣ መንገደኛውም ይውረድ፤ ነገር ግን ከሦስቱ ዳኞች በማንኛው ፊት ሲቆም መኪናውን አሳይቶ እንዳያመልጥ እጁን እንዲያስሩት እንለምናለን።

በአልዌሮ ምሽት ሌላም አሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ግድቡ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲሠራ የነበረውን ካምፕ ቤቱ እናድርገው የሚል። ይህም መልካም ነው፤ ውሃው ለማን ተገደበ የሚለው ጥያቄ ከሩዝ እርሻው ወዲህ እንኳ አላበቃምና። ሆኖም ያን ዘመን የሚያስታውሱ ገና ብዙ ሰዎች በአቦቦና በጋምቤላ አሉ፤ ሊቆይ ይችላል። የመርከቦቹን ዘመን የሚያስታውሱት ግን ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በየዓመቱም ያንሳሉ።

ስለዚህ የክበቡ ኃላፊዎች ጥናቱን ለሁለት ሳምንት እንዲያቆዩልን እንጠይቃለን። በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ከመርከብ ላይ ቡና ያወረደ፣ የጫነ፣ ወይም ከእናት ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ ያለው ተማሪ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ፤ ቀረጻውን እኛ እንሠራለን። የአኙዋክኛና የኑዌርኛ አስተርጓሚም ያስፈልገናል።