ሰፈር በካርታ አይገዛም

ሰሞኑን አንድ ጉዳይ እንቅልፍ ነሥቶኝ ሰንብቷል። ጎባ ላይ የሚሸጥ ቤት አግኝቻለሁ። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ደጃፉ ላይ ሁለት አሮጌ ጽዶች የቆሙለት ቤት ነው። የምሠራበት ባንክ ሮቤ ነው፤ መንገዱ በሚኒባስ አጭር ነው። የቆጠብኩት ገንዘብ ከሠራተኛ የቤት ብድር ጋር ቢደመር ለዋጋው ይበቃል። ታዲያ ምን አስጨነቀህ ለሚለኝ ወዳጅ መልሴ አጭር ነው፤ ያስጨነቀኝ የፊት ክፍሉ ነው።

በፊት ክፍሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፉና ሥዕል የሚሠሩ አንድ ጎልማሳ ተከራይተው ይሠራሉ። ቅዳሜ ሲመሽ የቀለም ጣሳዎቹን ወደ ጥግ ይገፉና አግዳሚ ወንበር ይደረድራሉ። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ አንድ ሁለት ነጋዴዎች፣ እኔም ከእነርሱ ጋር እንሰበሰባለን። ግማሻችን በአማርኛ፣ ግማሻችን በአፋን ኦሮሞ ግጥም እናነባለን። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ምሽት በአንድ ከሰል ምድጃ ዙሪያ መሰብሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳኛል። ቤቱን የወደድሁት ስለዚያ ክፍል ነው። ሻጩ አዛውንት ግን ዋጋውን ከተነጋገርን በኋላ፣ «ልጄ፣ አንተ ምንም አታስብ፤ ተከራዩን አስወጥቼ ባዶውን አስረክብሃለሁ» አሉኝ። ደግ መዋላቸው ነበር። እኔ ግን ከዚያች ቃል ወዲህ ቀብዱን ለመክፈል እጄ አልታዘዝ አለኝ። የወደድሁትን ነገር በመግዛቴ ላጠፋው ነውና።

ይህ ጭንቀት የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደባባይ ባላወጣሁት። ነገር ግን ጥበብ ያለበት ሰፈር ቤት መግዛት የሚመኝ ሁሉ፣ ይወቀውም አይወቀው፣ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይጋፈጣል።

የመጀመሪያ ምኞቴ ጎባ አልነበረም፤ ፒያሳ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ፣ ከሥራ መልስ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ሀገር ፍቅር ቴአትር በእግሬ እመላለስ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ቶሞካ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና የቆላበት ቤት እዚያው አጠገብ ነው። ማህሙድ አህመድ በአንድ ወቅት የሙዚቃ ቤት ከፍቶ ሸክላና ካሴት የሸጠው እዚያው ፒያሳ ነው። የጣይቱ ሆቴል አካል የነበረው ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት እስኪጠፋ ድረስ፣ የድሮ ሙዚቀኞች ከወጣቶች ጋር የሚጫወቱበት መድረክ ነበር። ለገጣሚ ከዚህ የተሻለ ጎረቤት ከየት ይገኛል ብዬ፣ «እዚህ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት አይጠፋም?» ስል አንድ ደላላ ጠየቅሁ። ደላላው ፈገግ አለና በጣቱ ያመላክተኝ ጀመር። ያ የቀበሌ ነው፣ ይህ የኪራይ ቤቶች ነው፣ ያኛውም የቀበሌ ነው። የሚሸጥ እምብዛም አልነበረም።

ያን ቀን አዝኜ ተመለስሁ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ የሁሉ ነገር ዋጋ ሲወጣ የእነዚያ ቤቶች ኪራይ ባለበት ቆመ ማለት ይቻላል። አዋጁ ብዙ ባለቤቶችን ንብረት አሳጥቷል፤ ያን በደል አልክድም። ሆኖም ሳይታሰብ አንድ ሌላ ነገርም አደረገ። ጫማ ሰፊው፣ አዝማሪዋ፣ ደመወዙ ከወር የማይደርስለት ተዋናይ፣ ከሲኒማውና ከቴአትሩ በር አጠገብ እየኖሩ እንዲቆዩ አስቻላቸው። ፒያሳን የጥበብ ሰፈር ያደረጋት የሕንፃዋ ውበት ብቻ አይደለም፤ ድሃ አርቲስት ሊከፍለው የሚችል ኪራይ ነው። እኔ ልገዛው የፈለግሁት ነገር እስከዚያ ድረስ የቆየው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሊገዛው ስላልቻለ ነበር።

ከዚያ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት መጣ። በመጋቢት ወር ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ሮቤ ሆኜ በስልኬ እመለከት ነበር። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ካዛንቺስ ስሙ ራሱ የቤት ስም ነው፤ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራለት ከነበረው ካዛ ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት የመጣ ነው። ለቢሮ ጸሐፊዎች የታሰበ ሰፈር፣ ከጊዜ በኋላ የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ ሆነ። መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንድቃ፣ የእኛን እስክስታ ይዞ የዓለምን መድረክ የረገጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ማዕበሉ ፈንድቃንም አልማረውም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ።

እዚህ ላይ ፍርዴ ሚዛኑን እንዳይስት እሰጋለሁ። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ክዳናቸው ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃ ቤታቸው የጋራ፣ ግድግዳቸው ያጋደለ ነበር። ባለቤት የለውምና የሚጠግን አልነበረም፤ ቢጠግንም የእኔ ነው የሚለው ነገር የለውም። ይህን ድህነት «ትዝታ» እያሉ ማሞካሸት፣ ማታ በሰው ቤት ተዝናንቶ ወደ ሞቀ ቤቱ የሚመለስ እንግዳ ወግ ነው። አዲስ ቤት፣ የግል መጸዳጃ፣ የማያፈስ ጣራ ያገኘ ሰው ቢደሰት ደስታው እውነት ነው። እኔ የምለው፣ ሰው ሲነሣ ቤቱ ይተካለታል፤ ሰፈሩ ግን አይተካለትም ነው። ከአዝማሪዋ ቤት እስከ ምትዘፍንበት መድረክ ያለው የሦስት ደቂቃ እርምጃ በየትኛውም ዕጣ አይወጣም።

መፍረስ ብቻም አይደለም ጥበብን ከሰፈሩ የሚያባርረው። ፓሪስ ውስጥ ሞንማርትር በርካሽ ኪራዩ ሠዓሊዎችን ሰበሰበ፤ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1904 ባቶ ላቯር በተባለው ያረጀ የእንጨት ቤት ገብቶ ታላላቅ ሥራዎቹን ሠራ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ቤት የሚገዛ ወጣት ሠዓሊ ማግኘት ቀላል አይመስለኝም። በኒው ዮርክ ሶሆ አርቲስቶች ሥራ ባቆሙ ፋብሪካዎች ውስጥ ሰፈሩ፤ ከተማው እ.ኤ.አ. በ1971 ኑሯቸውን በሕግ ፈቀደላቸው። ከዚያ የሥዕል ማሳያዎች መጡ፣ ማሳያዎቹን ተከትለው ባለጸጎች መጡ፣ ባለጸጎቹን ተከትለው ውድ የልብስ መደብሮች መጡ። ሠዓሊዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወጡ። ሩት ግላስ የተባለችው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ገንዘብ ያለው ሰው የሠራተኛውን ሰፈር እየገዛ ነባሩን የሚያስወጣበትን ሂደት በለንደን አይታ ስም ያወጣችለት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ማንም ግሬደር አልነዳም። እንደ እኔ ያሉ፣ ጥበብን የሚወዱ፣ ደመወዝተኛ ሰዎች ናቸው አንድ በአንድ እየገዙ የገቡት።

ባንክ ውስጥ በየቀኑ የቤት ግምት ቅጽ አያለሁ። የግድግዳው ዓይነት፣ የክዳኑ ዓይነት፣ የወለሉ ስፋት፣ ከአስፋልት ያለው ርቀት ይጻፍበታል። «በዚህ ቤት ቅዳሜ ማታ ግጥም ይነበባል» የሚል ዓምድ የለውም። ሊኖረውም አይችልም፤ ለመያዣ አይሆንምና። እንዲያውም ልብ ብለን ካየን በአገራችን ቤት የሚገዛ ሰው መሬቱን እንኳ አይገዛም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የምንገዛው ግድግዳና ጣራ ከነይዞታ መብቱ ነው። መሬቱ ያልተሸጠልን ሰዎች ሰፈሩን ገዛን ብንል ማን ያምነናል?

ሕጉ ይህን ፈጽሞ አላሰበም ማለትም አይደለም። ለልማት ስለሚነሡ ሰዎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረት ካሣ ሌላ፣ ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሣ እንዳለ ይደነግጋል። ጉርብትና ዋጋ እንዳለው ሕግ በጽሑፍ መመስከሩ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ካሣ የሚያስበው በመንግሥት ለሚነሣ ሰው ነው፤ በእኔ በገዢው ለሚነሣ ተከራይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ እርሱም ለመኖሪያ ቤት ነው። የቀለም ጣሳ የተደረደረበት፣ ሰው ለሥራ የተከራየው የፊት ክፍል ከዚያ ጥላ ውጭ ነው። ስለዚህ በእኛ ጉዳይ ሕግ ዝም ባለበት ቦታ የሚናገረው የገዢው ሕሊና ብቻ ይሆናል።

ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ሮቤ ነው፤ የስንዴው ገንዘብም የሚገነባው ሮቤ ነው። ጎባ ረገብ ስላለች ኪራይዋ ገር ነው፤ ሠዓሊውም የፊት ክፍል የተከራዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሌሎች ከተሞች በተስፋፋበት በዚህ ዘመን፣ የክልል ከተሞች ውበታቸውን ሲያስቡ የመንገድ መብራትና የእግረኛ ንጣፍ ብቻ ባያስቡ ምኞቴ ነው። አንዲት ቴአትር ቤት ከማነጽ በፊት፣ ተዋናዩ በአጠገቧ የት ይከራያል ብለው ይጠይቁ። ከተማው በያዛቸው ቤቶች ጥቂት ክፍሎችን በመጠነኛ ኪራይና በረጅም ውል ለሙያተኞች ቢያቆይ፣ ከሚተክለው ሐውልት ይልቅ ያ ክፍል ከተማውን ያስጠራዋል። ገዢውም የድርሻው አለበት። የጥበብ ሰፈር ወድዶ የሚገባ ሰው፣ የወደደውን ነገር የሠሩትን ሰዎች አስወጥቶ ከሆነ የገባው፣ የገዛው ባዶ ቤት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለሠዓሊው አጫወትኋቸው። ቤቱን ብገዛ የፊት ክፍሉን ለአምስት ዓመት በጽሑፍ ውል፣ ጭማሪውን አስቀድመን ተስማምተን አከራይዎታለሁ አልኋቸው። በሌላ ሰው ቢከራይ ከማገኘው ጋር ያለውን ልዩነት አስልቼ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ለእኔ ደመወዝ ግን ጥቂትም አይደለም። ያ ልዩነት ነው እንግዲህ የሰፈሩ እውነተኛ ዋጋ፤ በውሉ ላይ የማይጻፈው፣ ገዢ በየወሩ ከኪሱ የሚከፍለው። ሠዓሊው ብሩሻቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝና፣ «ውሉ ጥሩ ነው ወንድሜ፤ ግን መጀመሪያ ጣራውን አስጠግን። ግጥሙን እኛ እናንቆረቁረዋለን፤ ጣራው ግን አያንቆርቁርብን» አሉኝ። ሳቅን። እውነታቸውን ነው፤ ትዝታን ማክበር ጣራ ከመጠገን ይጀምራል።

ከዚህ ከሮቤ በስተምሥራቅ ወርዶ ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው፣ የወይብ ወንዝ ከኖራ ድንጋይ የጠረባቸውን አዳራሾችና ምሰሶዎች አይረሳም። ዋሻው አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በትውፊት እንደሚነገረው ሼህ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ተጠግተው የጸለዩበት ነው። ሼሁ ዋሻውን አልሠሩትም፤ አልገዙትምም፤ ካርታም አልነበራቸውም። ኖሩበት፣ ሰው ሰበሰቡበት። እነሆ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ቦታው የሚጠራው በስማቸው ነው፤ ምእመናንም እስከ ዛሬ ይጓዙበታል።

ቀብዱን ሰኞ እከፍላለሁ። አዛውንቱንም፣ «አባባ፣ ቤቱን ባዶውን አያስረክቡኝ፤ ከነተከራዩ ነው የምገዛው» እላቸዋለሁ።