አፈር የቆፈረልን ሰው ስሙ ይመዝገብ



ቤት ሲደረመስ ወይም አፈር ሲናድ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? እንደሚታወቀው ጎረቤት ነው፤ አካፋና ዶማ ይዞ የሚሮጠው የዕድር ልጅ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የደረሱ ሰዎች ራሳቸው በሁለተኛው ናዳ ተዋጡ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ በዞናችን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም መሬት ተንዶ ከ10 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ።

ለሞቱት አልቅሰናል። ዛሬ የምናነሳው ግን ቆፍሮ በሕይወት ስለሚመለሰው ሰው ነው። የክረምት ናዳ ጭቃ ነው፤ በበጋ የሚደረመስ ግንብ ግን አቧራ ነው። ከተማችን ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ዳር ሆና ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነው።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር በኒውዮርክ ሁለቱ ታላላቅ ሕንፃዎች ፈረሱ። በዕለቱ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። የተረፉት ሲሚንቶ፣ የመስታወት ብናኝና አስቤስቶስ የተቀላቀለበትን አቧራ እየማጉ ለወራት ፍርስራሹን ቆፈሩ። አየሩ አያሰጋም ተብሎም ነበር። ሳሉ ያዛቸው፤ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ቆይቶም ካንሰር መጣ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከዚሁ ጋር በተያያዘ ሕመም የሞቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቁጥርም 343 ደረሰ። ማሳከሚያ ሕግ የወጣላቸው ከ9 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው። ያኔም «እዚያ ለመኖርህ ማስረጃህ የታለ?» መባሉ አልቀረም፤ በፈቃዱ ሄዶ የቆፈረና ስሙ ያልተጻፈ ሰው ምስክር መፈለግ ነበረበት።

«ይኼ የሩቅ አገር ወሬ ነው» የሚል ይኖራል። እንዴ! የአፈር ብናኝ የሚያደርሰውን ጉዳት እኛ ወላይታዎች አጥተነው ነው? በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲኬድ ኖሮ እግር የሚያሳብጠውን በሽታ ያላየ ማን አለ? ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ሐኪም በአገራችን አጥንተው መንስኤው በእግር ቆዳ የሚገባ ደቃቅ የአፈር ብናኝ መሆኑን ካመለከቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኗል። ለእግር ጫማ ካስፈለገ ለሳንባም መከለያ ያስፈልጋል። ሳንባ ውስጥ ተከማችቶ ጠባሳ ያበጀ የድንጋይ ብናኝ መድኃኒት አይመልሰውም፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ዕድሮቻችን ከድንኳኑና ከወንበሩ ጎን ደቃቅ አቧራ የሚያግድ የአፍና የአፍንጫ ጭንብል ያስቀምጡ፤ ነጠላ ጠምጥሞ መግባት አይበቃም። ሁለተኛ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ ከመቆፈር በፊትና በመቆፈር ላይ ውኃ ይርከፍከፍ። ሦስተኛ፣ የዕድሩ ጸሐፊ የቆፈረውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ቦታውን በዕለቱ ይመዝግብ። አራተኛ፣ ሳል ከሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ አቧራ ውስጥ መዋሉን ሳይደብቅ ይንገር።

«ዕድር ለቀብር ነው እንጂ ለጭንብል አይደለም» የሚሉ አባቶች አሉ። ልክ ነው፤ ዕድር ለቀብር ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ ከአፈር ያወጣውን ወጣት ከ10 ዓመት በኋላ በሳል ጨርሰን ከምንቀብረው፣ ዛሬ ጭንብሉን ብንገዛለት አይሻልም? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በሚመጣው የዕድር ስብሰባ እንነጋገርበት።