ፈንዱ «አተረፈ»? ከማን በልጦ?

በጀርመንም በስዊድንም ባንኮች ለደንበኛ የሚያቀርቡት ቃል አንድ ነው፦ «የአውሮፓ አክሲዮን ፈንድዎ ዘንድሮ 12 በመቶ አትርፏል።» ደንበኛው ያመሰግናል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ከማን ጋር ሲነጻጸር ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በዚያው ዓመት የአውሮፓ ገበያ በጠቅላላ 16 በመቶ አድጎ ቢሆንስ? ያ ሥራ አስኪያጅ አላተረፈም፤ እየተከፈለው አጉድሏል። ገበያው 10 በመቶ ወድቆ የእሱ ፈንድ 6 ብቻ ቢወድቅ ደግሞ፣ በኪሳራው ዓመት እንኳ እንጀራውን በሚገባ በልቷል። ፈንድ የሚዳኘው በትርፉ ሳይሆን በመለኪያው ነው።

ችግሩ መለኪያውንም ሻጩ ራሱ መምረጡ ነው። ነጋዴ በገዛ ቁናው ሲሰፍር ማን ይጎድልበታል? ዩሮ ስቶክስ 50 የተባለው ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 የነካውን ጣሪያ ያለፈው በ2025 ነው። ይህ ግን የአክሲዮን ዋጋ ብቻ ሲቆጠር ነው። የትርፍ ድርሻ ሲደመርበት ጣሪያው የታለፈው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ የትርፍ ድርሻውን መልሶ የሚያፈስ ፈንድ ድርሻ ከማይቆጥር ኢንዴክስ ጎን ሲቆም፣ ሰነፉም ጀግና ይመስላል። በዜና የሚጠቀሰው የፍራንክፈርቱ ዳክስ ድርሻን ይደምራል፤ የፓሪሱ ካክ 40 አይደምርም። ልዩነቱን ለደንበኛው የሚነግረው ሻጭ ስንት ነው?

ቀጥሎ ክፍያው። የፈንዱ ዓመታዊ ክፍያ ከደንበኛው የባንክ ሒሳብ አይወጣም፤ ከፈንዱ ውስጥ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይቀነሳል። ስለማይታይ አያምም። 10,000 ዩሮ ለ20 ዓመት ይቀመጥ፣ አክሲዮኖቹም በዓመት 7 በመቶ ያምጡ እንበል። በዓመት 0.2 በመቶ የሚወስደው፣ ኢንዴክስ ብቻ የሚከተለው ፈንድ 37,300 ዩሮ ገደማ ያስረክባል። 1.5 በመቶ የሚወስደው 29,200 ገደማ። ከ8,000 ዩሮ በላይ የት ገባ? ለፈንዱ ኩባንያና ለሻጩ።

በሌላ በኩል ያለፍርድ የሚኮንንም አለ። «አሜሪካ እንዲህ ስታድግ የአውሮፓው ፈንድ ምን ሠራ?» ይላል። የአውሮፓን አክሲዮን እንዲገዛ የተቀጠረ ሰው የአሜሪካን ባለመግዛቱ አይከሰስም። አውሮፓን የመረጠው ባለገንዘቡ ነው፤ የዚያ ውሳኔ ተጠያቂም እሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ዩሮውን በብር መንዝሮ የሚቆጥረው ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ በብር የተቆጠረ የውጭ ገንዘብ ሁሉ ተአምር የሠራ ይመስላል። ትራስ ሥር የተቀመጠ ዩሮም እኮ በብር ሲቆጠር አድጓል! ያ የብር መውደቅ ነው እንጂ የሥራ አስኪያጁ ብልሃት አይደለም።

ስለዚህ ፍርዱ አራት ነገር ይጠይቃል፦ የዚያው ገበያ ኢንዴክስ፣ የትርፍ ድርሻው የተደመረበት፣ ክፍያው ተቀንሶ፣ በአንድ ዓይነት ገንዘብ። ያውም በአንድ ዓመት ሳይሆን ቢያንስ በአምስት። ይህን ሒሳብ በአንድ ገጽ አስልቶ ማቅረብ ያቃተው ሻጭ ሙያው አልጎደለውም፤ ውጤቱን ስለሚያውቀው ነው። በሌሊት ፈረቃ፣ አረጋዊ በመንከባከብና ፎቅ በማጽዳት የተጠራቀመ ገንዘብ ደግሞ በፈገግታና በሚያብረቀርቅ ወረቀት የሚያዝ አይደለም።